የሰጡትን መንሣት፦ በኦንላይን ጌም በልፋት የተገኘ ነገር የማን ነው?

«ስታር ዋርስ ጋላክሲስ» የተባለው የኦንላይን ጌም በጁን 2003 ሲከፈት፣ ጄዳይ፣ ማለትም የብርሃን ሰይፍ የሚታጠቅ ተዋጊ፣ መሆን የሚቻልበትን መንገድ ለማንም አልተናገረም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ተጫዋች ሲጀምር ወይ አዳኝ፣ ወይ ሐኪም፣ ወይ ጨፋሪ፣ ወይ ልብስ ሰፊ ይሆናል። የብርሃን ሰይፍ መታጠቅ የፈለገ ግን ብዙ ሙያዎችን ከሥር ጀምሮ እስከ ጫፍ መማር ነበረበት፤ የትኞቹን እንደሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየና የተደበቀ ነበር። የመጀመሪያው ጄዳይ የታየው ጌሙ ከተከፈተ ከወራት በኋላ ነው። መንገዱ በኋላ ቢቀየርም ርዝመቱ አልቀረም። ሰዎች ከሥራ መልስ፣ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጡ ገፉበት።

ኖቬምበር 1 ቀን 2005 የጌሙ ባለቤት ሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት ለዚሁ ጌም አዲስ ተጨማሪ ክፍል ለገበያ አወጣ። ሰው ከፍሎ በገዛ በሁለተኛው ቀን ጌሙ ከመሠረቱ ሊለወጥ መሆኑ ተነገረ፤ ኖቬምበር 15 ቀን ለውጡ ሥራ ላይ ዋለ። ከ30 በላይ የነበሩት ሙያዎች ወደ 9 ወረዱ። ከ9ኙ አንዱ ጄዳይ ነበር። ያን ቀን አካውንት የከፈተ ሰው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ጄዳይ ሆኖ መግባት ይችል ነበር። አውሬ የማላመድ ሙያ ጨርሶ ጠፋ፤ ግልገል ከሜዳ ይዞ አሳድጎ ትእዛዝ ያስለመደ ተጫዋች በማግስቱ እንስሳውን ቢጠራ የሚመጣለት አልነበረም። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ተጨማሪ ክፍሉን ለገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ። ለዶላሩ መልስ ተገኘለት። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን ማንም መልስ አልነበረውም።

የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የኦንላይን ጌም ተጫዋች ሁለት ነገር ይከፍላል፤ ገንዘብና ጊዜ። ውሉ፣ ሕጉና ደረሰኙ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኩባንያዎቹ ግን ጌሙን የሚሠሩት በሁለተኛው ላይ ነው፤ ዕለታዊ ተልዕኮ፣ ደረጃ፣ ማዕረግ፣ ብርቅ መሣሪያ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሰዓቱን እንዲሰጥ የተዘረጋ ነው። ሰዓቱን ከሰጠ በኋላ ያገኘው ነገር ሲወሰድበት «ውሉ ላይ እኮ ፈርመሃል» ይባላል።

ሁሉም አወሳሰድ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃውን ከእጅ ይወስዳል። አንዳንዱ ዕቃውን በእጅ ትቶ ኃይሉን ያወጣዋል። አንዳንዱ ለጥቂቶች የነበረውን ለሁሉም ያድላል። የመጨረሻው ሰርቨሩን ዘግቶ ቤቱን ከነዕቃው ያጠፋል። በተጫዋቹ ልብ አራቱም አንድ ዓይነት ቁስል ሊተዉ ይችላሉ፤ በእኔ ሚዛን ግን እኩል አይመዝኑም።

የኩባንያዎቹን ወገን አስቀድሞ መስማት ተገቢ ነው፤ ያላቸው ምክንያት ባዶ አይደለምና። የኦንላይን ጌም አንድ ጊዜ ተጽፎ እንደሚታተም መጽሐፍ አይደለም፤ ለዓመታት ይኖራል፣ በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨመርበታል። ሠሪዎቹ ዛሬ የሚያወጡት መሣሪያ ተፈላጊ እንዲሆን ከትናንቱ ትንሽ የበለጠ መሆን አለበት፤ የነገው ደግሞ ከዛሬው። እንዲህ እየተባለ ሲሄድ ጠላቶቹ ሁሉ በአንድ ጥይት የሚወድቁበት፣ አዲስ ገቢ ከነባሩ አጠገብ መቆም የማይችልበት ቀን ይመጣል። ያኔ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የነባሩን ኃይል መቀነስ፣ ወይ ጌሙ ጣዕሙን ሲያጣ ማየት። አንድ መሣሪያ የሌሎቹን ሁሉ ጨዋታ የሚያበላሽ ከሆነ ኃይሉን መቀነስ የሠሪው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው እላለሁ። በውድድር ጌም ያንዱ ጥቅም የሌላው ሽንፈት ነው፤ የተሸነፈውም ጊዜውን ከፍሏል።

ነገር ግን ይህ ምክንያት ከሚሸከመው በላይ ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ለማየት ከ«ዴስቲኒ 2» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ባንጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ጌም ያወጣው በሴፕቴምበር 2017 ነው። በ2019 መጀመሪያ ወራት «ሪክሉስ» የተባለ አውቶማቲክ መሣሪያ ለሽልማት ቀረበ። በሱቅ አይሸጥም፤ በዕድልም አይወጣም። የሚገኘው ተጫዋች ከተጫዋች በሚፋለምበት የውድድር ክፍል 2,100 ነጥብ ለደረሰ ሰው ብቻ ነበር። ሲያሸንፉ ነጥቡ ይጨምራል፣ ሲሸነፉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቶ ከጀመረበት በታች ሆኖ ሊተኛ ይችላል። ያገኘው ሰው በየሄደበት ይዞት ይታያል፤ የመሣሪያውን ስም የሚያውቅ ሁሉ ባለቤቱ ምን እንዳለፈ ያውቃል።

በ2020 ባንጂ አዲስ ደንብ አወጣ። ማንኛውም መሣሪያ ከወጣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የኃይል ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ ጌሙ ግን እየጨመረ ይሄዳል። ደንቡ ወደፊት ለሚወጡት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ለተገኙትም ሠራ። ኖቬምበር 10 ቀን 2020 «ቢዮንድ ላይት» የተባለው ክፍል ሲከፈት የሪክሉስ ጣሪያ 1060 ላይ ቀረ፤ አዲሶቹ መሣሪያዎች እስከ 1260 ይደርሱ ነበር። መሣሪያው ከማኅደሩ አልጠፋም። መያዝም፣ መተኮስም ይቻላል። ግን ከባድ ተልዕኮ ውስጥ ይዞት የገባ ሰው የሚተኩሰው ጥይት ጠላቱን የማይነካ ያህል ሆነ። መሰረዝ ቢሆን ቁርጡ ይታወቅ ነበር። ይህኛው ግን ባለቤቱ ሽልማቱን በራሱ እጅ እንዲጥለው የሚያደርግ አሠራር ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ከመሰረዝ የከፋ የቆጠሩት።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሆነ። ከጌሙ ዓለማት ሜርኩሪ፣ ማርስ፣ ታይታንና አዮ፣ «ሌቪያታን» ከተባለው ግዙፍ መርከብ ጋር ተወገዱ። ጌሙ የተጀመረበት «ቀይ ጦርነት» የተባለው ታሪክና ሰዎች ከፍለው የገዟቸው ሁለት ተጨማሪ ምዕራፎችም አብረው ሄዱ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ «ፎርሴክን» የተባለው ሌላ የተሸጠ ምዕራፍ ተከተላቸው። ባንጂ የሰጠው ምክንያት ጌሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ ማበጡንና በየማሻሻያው አሮጌውን ሁሉ መፈተሽ ሥራውን ማጓተቱን ነው። ይህን አምናለሁ፤ ትልቅ ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ለተሸጠ ምዕራፍ መፍትሔው ከገዢው መውሰድ ነው ወይ? ክፍሉን ለብቻው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚቻልበትን መንገድ ማዘጋጀት ወጪ አለው፤ ወጪው ግን ገንዘቡን ከተቀበለው ወገን ላይ መውደቅ ነበረበት።

የዚህ መዘዝ በኋላ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2024 አንድ ጸሐፊ «የቀይ ጦርነት ታሪክ ከእኔ ጽሑፍ የተወሰደ ነው» ብሎ ባንጂን በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው ክሱ ውድቅ እንዲደረግ ሲያመለክት ታሪኩን ለዳኛው ማሳየት ነበረበት፤ ጌሙ ውስጥ ግን የለም። ያቀረበው ሌሎች ሰዎች ዩቲዩብ ላይ የጫኗቸውን ቪዲዮዎችና ተጫዋቾች የጻፉትን የመረጃ ገጽ ነበር። ዳኛው ምንጩ ከኩባንያው ውጭ ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ ክሱም በ2025 እንዲቀጥል ተወሰነ። ተጫዋቾች ከፍለውበት የነበረውን ታሪክ ሠሪው ራሱ እንኳ ለራሱ መከላከያ ሊያቀርበው አልቻለም።

የመሣሪያዎቹ ደንብ ዕድሜ አላገኘም። በፌብሩዋሪ 2021 ባንጂ ከዚያ በኋላ መሣሪያ በዚህ መንገድ ጡረታ እንደማያወጣ አስታወቀ፤ ቀድመው የቆሙት ግን እንደቆሙ ቀሩ። ተመልሰው ኃይላቸው ከሌላው እኩል እንዲያድግ የተፈቀደው በ2024 አጋማሽ ነው። ደንቡ ለጌሙ አስፈላጊ ነው ተብሎ ነበር፤ ደንቡ ተነሥቶ ጌሙ ቀጠለ። አንድን መሣሪያ በስሙ ጠርቶ ኃይሉን መቀነስ ሲቻል የሰውን ማኅደር በጅምላ ማምከን ምን ያህል አላስፈላጊ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

የዕቁብ ዳኛ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ወይም የሚጣለውን መጠን ዕቁብተኛው ከመሰብሰቡ በፊት እንደፈለገ ሊወስን ይችላል፤ ሰው ደንቡን ሰምቶ ይገባል ወይ ይቀራል። ግማሹ ከከፈለ በኋላ ደንቡን መቀየር ግን ሌላ ስም አለው። በጌምም ልዩነቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። በኤሌክትሮኒክ አርትስ የእግር ኳስ ጌም «አልቲሜት ቲም» የሚባለውን ክፍል የሚጫወት ሰው በየዓመቱ አዲሱ እትም ሲወጣ ቡድኑን ከዜሮ እንደሚጀምር ያውቃል። ይህ ክፍል ለኩባንያው በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል፤ እኔ ስግብግብነቱን አልወደውም። ሆኖም ቡድኑ ሲፈርስ «ተዘረፍኩ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ለምን? ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃላ።

«ፎርትናይት» የተባለው ጌምም በዚህ ረገድ ሊመሰገን ይገባዋል። ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ለዓመታት «ባትል ፓስ» በተባለው የወቅት ጥቅል የገጸ ባሕርያት ልብሶችን ሲሸጥ በዚያ ወቅት ብቻ የሚገኙ አድርጎ ነበር። በኦገስት 2024 ይህን ሊለውጥ ሲፈልግ፣ ከዚያ ወቅት ጀምሮ የሚወጡት ልብሶች 18 ወር ካለፋቸው በኋላ በሱቅ ሊሸጡ እንደሚችሉ አስታወቀ፤ ከዚያ በፊት የተሸጡትን አልነካም። ትርፍ ፈልጎ ያደረገው ነው፤ ይሁን። ለውጡ ከዛሬ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አልሠራም።

ስለ ብርቅነት ካነሣን አይቀር፣ እዚህ ላይ ከብዙ ተጫዋቾች ጋር አልስማማም። በኦክቶበር 2025 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በጌሙ በ«ካውንተር ስትራይክ 2» አምስት ቀይ ደረጃ ያላቸው ስኪኖችን (የመሣሪያ ማስዋቢያዎችን) አዋህዶ ቢላዋ ወይም ጓንት ማግኘት እንዲቻል ፈቀደ። ቢላዎቹ እስከዚያ ድረስ ብርቅ ስለነበሩ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ ነበር። በቀናት ውስጥ የገበያው ጠቅላላ ዋጋ በቢሊዮን ዶላር በሚቆጠር መጠን ወረደ። ጩኸቱ ትልቅ ነበር። ግን ቢላዋው ከማንም እጅ አልተወሰደም፤ እንደበፊቱ ይቆርጣል፣ እንደበፊቱ ያምራል። የወረደው ለሌላ ሰው የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ኩባንያ ለተጫዋች ያገኘውን ዕቃ ሊጠብቅለት ይገባል፤ ሌላው ሰው እንዳያገኝ ሊጠብቅለት ግን አይገባም፣ ያን በግልጽ ቃል ካልገባ በስተቀር። ብርቅነቱን ብቻ ይዞ ትርፍ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ገበያ ይወርድበታል።

ታዲያ ስለ ጄዳዮቹ ያን ያህል ለምን አዘንኩ? እነሱ ያጡት ዋጋ ሳይሆን ትርጉም ስለሆነ ነው። ኩባንያው ራሱ «ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ጥቂቶች ይደርሱበታል» ብሎ አዘጋጅቶ፣ ሰዎችን ለወራት አስኪዶ፣ ከዚያ መንገዱን ራሱን አጠፋው። ቃሉ የተጻፈ ባይሆንም በጌሙ አሠራር ውስጥ የተሰጠ ቃል ነበር።

ከልፋት ሳይሆን ከስጦታ የመጣ ጥቅምስ? በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ «ፖኪሞን ጎ»ን ያኔ ያስተዳድር የነበረው ኒያንቲክ ተጫዋች ከሩቅ ሆኖ ቦታዎችን መንካት የሚችልበትን ርቀት ከ40 ሜትር ወደ 80 ሜትር አሰፋ። በኦገስት 2021 በአሜሪካና በኒውዚላንድ ወደ 40 መለሰው። ስጦታ ነውና መልሶ መውሰድ መብቱ ይመስላል። ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች መንገድ ሳይሻገሩ መጫወት ለምደው ነበር፤ ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት አደገኛ ጥግ ላይ መቆም ቀርቶላት ነበር። ተጫዋቾች ተባብረው ተቃወሙ፤ ወሩ ሳያልቅ 80 ሜትሩ ቋሚ ሆነ። ኒያንቲክ ሰውን ከቤት አውጥቶ ማስኬድ የጌሙ ዓላማ ነው ሲል ከልቡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ያ 40 ሜትር ለጤነኛ እግር ቀላል፣ ለሌላው ደግሞ ግድግዳ መሆኑን ያወቀው ሰዎቹ ሲናገሩ ነው።

ሰው ያገኘውን ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ከማግኘቱ ደስታ እንደሚበልጥ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል። የጌም ሠሪዎችም ይህን በተግባር ያውቁታል። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በ2004 ከመውጣቱ በፊት ገና ሲሞከር፣ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ ይቀነስበት ነበር፤ ሞካሪዎቹ ጠሉት። የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ ቁጥሩን ሳይነካ አቀራረቡን ገለበጠው። ዕረፍት ወስዶ የተመለሰ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እጥፍ ያገኛል፣ ከዚያ ወደ መደበኛው ይመለሳል ተባለ። ስሌቱ ያው ነው፤ ሰው ግን ወደደው። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ኢንዱስትሪው የመንሣትን ምሬት ከሃያ ዓመት በፊት ለክቶ ማወቁ ነው። «ተጫዋቹ እንዲህ ይቆጣል ብለን አልጠበቅንም» የሚለው መልስ ከዚህ በኋላ አይሠራም።

ወደ ሕጉ እንለፍ። በ2003 በቤጂንግ የቻዎያንግ ወረዳ ፍርድ ቤት «ቀይ ጨረቃ» በተባለ ጌም ንብረቱን የተሰረቀ ተጫዋች ያቀረበውን ክስ ሰምቶ፣ ኩባንያው ዕቃዎቹን እንዲመልስለት አዘዘ። ተከሳሹ ኩባንያ ዕቃዎቹ መረጃ እንጂ ንብረት አይደሉም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግም የኢንተርኔት ንብረትን በስሙ ጠቅሶ ስለ ጥበቃው ያነሣል። በኔዘርላንድስ ደግሞ በ2007 ሁለት ወጣቶች አንድን የ13 ዓመት ልጅ ደብድበውና በቢላዋ አስፈራርተው በ«ሩንስኬፕ» ጌም ያለውን ክታብና ጭምብል እንዲያስረክብ አስገደዱት። ጠበቃቸው «የሌለ ነገር አይሰረቅም፤ ቢኖርም የጌሙ ኩባንያ ነው» አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 ክርክሩን ውድቅ አደረገ። ዕቃዎቹ ለልጁ ዋጋ ነበራቸው፤ ዋጋቸውም የመጣው ለማግኘት ካጠፋው ጊዜና ካፈሰሰው ጉልበት ነው ሲል ፈረደ።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ጊዜ ለዕቃው ዋጋ እንደሚሰጠው አንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግልጽ ተቀብሏል። ግን ፍርዱ የሚሠራው በሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ያንኑ ክታብ ጃጌክስ የተባለው የጌሙ ኩባንያ ራሱ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሰርዘው፣ ልጁ የሚይዘው ወረቀት ሲመዘገብ «እስማማለሁ» ብሎ የተጫነው ውል ብቻ ነው፤ ውሉ ደግሞ ሁሉ ነገር የኩባንያው ነው ይላል።

ሙሉ ጌም ሲዘጋ ይኸው ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። ዩቢሶፍት በ2014 የሸጠውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም ሰርቨር ማርች 31 ቀን 2024 ዘጋ። ጌሙ ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ያለ ሰርቨር አይነሣም ነበር፤ ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ ያለው ዲስክ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ ሲቀርብበት የኩባንያው መከላከያ ተጫዋቾች የገዙት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ጌሙን አይደለም የሚል ነበር። በዚያው ግዛት ከ2025 መባቻ ጀምሮ ሻጭ ዲጂታል ምርትን «ግዛ» ብሎ ሲያቀርብ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን እንዲገልጽ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ሐቀኝነት ጥሩ ነው፤ ግን «ልንወስድብህ እንችላለን» ብሎ መጻፍ መውሰዱን ትክክል አያደርገውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ዳር ላይ የቆመች ትመስላለች፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በቀጥታ ነክቷታል። «ሄልዳይቨርስ 2» በፌብሩዋሪ 2024 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ሲሸጥ በብዙ የዓለም አገሮች መግዛት ይቻል ነበር። በሜይ መጀመሪያ ሶኒ ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲያገናኙ አዘዘ። ይህ አገልግሎት ከአፍሪካ በይፋ የሚሰጠው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ በኢትዮጵያ የለም። ጌሙም አገልግሎቱ በሌለባቸው 177 አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ። ከፍሎ የገዛ፣ ሦስት ወር ተጫውቶ ደረጃ ያወጣ ሰው፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በሚኖርበት አገር ምክንያት ሊወጣ ነው። ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ አስተያየት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጻፈ፤ ሶኒ ትእዛዙን አነሣ፣ የሽያጭ ክልከላው ግን ወዲያው አልተነሣም።

እኛ ዘንድ የጊዜ ክፍያ ከሌላው አገር ይከብዳል። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ውስጥ በስልኩ የሚጫወት ወጣት ለእያንዳንዱ ሰዓት የዳታ ጥቅል ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጀምሮ የተወው ግጥሚያ እንደሽንፈት ይቆጠርበታል። በዶላር የሚከፍል ካርድ የለውምና በውጭ ያለ ዘመድ የሚገዛለት ካልሆነ፣ ኩባንያው በገንዘብ ካሳ ቢሰጥ እንኳ ለእሱ የሚደርሰው በጭንቅ ነው። ካሳ ሁልጊዜ የሚታሰበው ካርድ ላላቸው ነው፤ በጊዜው ብቻ የከፈለው ተጫዋች ለካሳ ሒሳብ አይታይም።

የተሻለ መንገድ አለ፤ ተሞክሯልም። ጃጌክስ በ2007 መጨረሻና በ2008 መባቻ ከሩንስኬፕ ላይ ነፃ ንግድንና ተጫዋቾች የሚዋጉበትን ምድረ በዳ አነሣ። ምክንያቱ ከባድ ነበር፤ የጌሙን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ቡድኖች በተሰረቁ የክሬዲት ካርዶች አካውንት እየከፈቱ ኩባንያውን አደጋ ላይ ጥለውት ነበር። ይህን ያህል ምክንያት ካላቸው ውሳኔዎች ጥቂቶቹን ነው የማውቀው። ሆኖም ብዙ ተጫዋች ጥሎ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩባንያው ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ከአሥሩ ዘጠኙ ይመለስ አሉ፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011 ተመለሰ። በ2013 ደግሞ ከ2007 የተረፈ ቅጂ ተገኝቶ፣ እንደገና በተጫዋች ድምፅ፣ የድሮው ሩንስኬፕ ለብቻው ተከፈተ። በዚህኛው ጌም አዲስ ነገር የሚገባው ተጫዋቾች በአብላጫ ሲደግፉት ነው፤ መስፈርቱ ለረጅም ጊዜ 75 በመቶ ነበር፣ በኋላ ወደ 70 ወረደ።

ድምፅ መስጠት ሁሉን አይፈታም። የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው የእሱን የሚያስንቅ እንዳይገባ ድምፁን ይሰጣል፤ ገና ያልጀመረ ሰው ድምፅ የለውም። ጃጌክስም የጌሙን ጤና የሚነኩ ማስተካከያዎችን ያለ ድምፅ ያስገባል። ቢሆንም ተጫዋቹ ነገ ምን ሊነካበት እንደሚችል አስቀድሞ ያያል። ይህ በ«ዲያብሎ 4» ከታየው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በጁላይ 2023 ብሊዛርድ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ኃይል በአንድ ማሻሻያ ጨፍልቆ፣ በቀናት ውስጥ ቀርቦ እንዲህ ያለ ማሻሻያ ዳግም እንደማያወጣ ቃል መግባት ግድ ሆነበት።

«ዘ ክሩ» ከተዘጋ በኋላ የጌም ማጥፋትን ለመከላከል በተጀመረው እንቅስቃሴ፣ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ያሰባሰቡት ፊርማ በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን አልፏል፤ ጥያቄውም ያኔ ለአውሮፓ ኮሚሽን ለመቅረብ የሚያስፈልገውን ቁጥር አሟላ። ዩቢሶፍት ራሱ «ዘ ክሩ 2»ን ያለ ሰርቨር እንዲነሣ አድርጎ በኦክቶበር 2025 አሻሽሎታል፤ ይቻላል ማለት ነው። ፊርማው የሚጠይቀው ግን ስለሚዘጋ ጌም ነው። ጌሙ ክፍት ሆኖ ከውስጡ ስለሚወሰደው ማዕረግ፣ መሣሪያና ምዕራፍ የሚለው ነገር የለም። እዚያ ላይ የምፈልገው ብዙ አይደለም፤ ለሽልማት የሚቀርብ ነገር ሁሉ ተጫዋቹ መልፋት ከመጀመሩ በፊት እስከ መቼ እንደሚያገለግል በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍለት፣ ያ ቀን ሳይደርስ ደግሞ አይነካበት። የተሸጠ ምዕራፍ ከሰርቨሩ የሚወጣ ከሆነም ለገዢው የሚያወርደው ቅጂ ይቅረብለት። እስካሁን ይህን በሕግ ያስገደደ አገር አላየሁም።